ለቢሻው ቤት የሚበቃ ፕሮሰሰር

ቢሻው ቤቱን ለመክፈት ሃያ ስድስት ደቂቃ ይፈጅበታል። ቤቱ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ አድርጎ ይነሳና ፊቱን ይላጫል፤ ሸሚዙን ያጥባል፤ ውሃ በመጣበት ቀን ጀሪካኖቹን ይሞላል። ሲመለስ አንዳንድ ቀን ቤቱ ተከፍቶ ይጠብቀዋል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ያኔ ማሽኑን አጥፍቶ፣ እስኪቀዘቅዝ ትንሽ ጠብቆ፣ እንደገና ይጀምራል።

ኮምፒውተሩን የገዛው ይሠራበት የነበረው መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃውን በሐራጅ ሲሸጥ ነው። ጎኑ ላይ የንብረት ቁጥሩ በቀይ ቀለም እንደተጻፈ አለ። ቢሻው በዚያ መሥሪያ ቤት አሥራ ስድስት ዓመት ድራፍትስማን ነበር፤ መሐንዲሶች ያሰቡትን በመስመር ወረቀት ላይ የሚያሰፍር ሰው። ከወጣ ስድስት ዓመት ሆነው። አሁን አሶሳ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ለሰው የቤት ፕላን ይሠራል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ይተኛል። በከተማው ስንት ቤት በእሱ እጅ እንደተሳለ ራሱም አያውቅም። ባለቤቶቹ ሲመርቁ ይጠሩታል፤ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ግድግዳውን ዳሰስ አድርጎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚገባበት ምክንያት የለውም።

ከጎጃም ተመድቦ ሲመጣ የሠላሳ ዓመት ሰው ነበር። በዚያው ዓመት ሦስት ሰዎች አብረውት ተመደቡ፤ ለገሰ የፊዚክስ አስተማሪ፣ ዘነቡ ነርስ፣ ጉዲና የእርሻ ባለሙያ። አራቱ አንድ ግቢ ተከራይተው፣ በአንድ ድስት እያበሰሉ፣ በአንድ ሬዲዮ እየተጣሉ ኖሩ። መጀመሪያ ጉዲና ዝውውር አገኘ። ከዚያ ዘነቡ አግብታ ሄደች። ለገሰ አሥራ ሁለት ዓመት ቆየ፤ በመጨረሻ የእሱም ዝውውር መጣ። ቢሻውም አንድ ጊዜ የዝውውር ቅጽ ወስዶ ነበር። «ሊዛወሩበት የሚፈልጉት ቦታ» የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። እናቱ ካረፈች ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። ቅጹን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ለገሰን መናኸሪያ ሸኝቶ በተመለሰ ሳምንት ቤት መሳል ጀመረ። መጀመሪያ የሳለው የለገሰን ክፍል ነው። ለገሰ በኪራዩ ግቢ የደረሰው ክፍል መስኮቱ ወደ ምዕራብ የዞረ ስለነበር ከሰዓት በኋላ እንደ ምድጃ ይግል ነበር፤ ያንን መስኮት አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲረግመው ኖረ። ቢሻው በሥዕሉ መስኮቱን ወደ ምሥራቅ አዞረለት። ለዘነቡ፣ የሌሊት ተረኛ ሆና አድራ ስትመለስ የምትተኛበት፣ የመንገድ ድምፅ የማይደርስበት ክፍል ከኋላ በኩል ሳለ። ለጉዲና ዘር የሚያሰጣበት ሰፊ በረንዳ። ለክፍሎቹ አልጋ አስገባላቸው፤ አልጋዎቹን አንሶላ አለበሳቸው፤ ለበሮቹ እጀታ ገጠመላቸው። እያንዳንዱ ክፍል በፋይሉ ዝርዝር ውስጥ በባለቤቱ ስም ተቀምጧል። ይህን ቤት ለማንም አሳይቶ አያውቅም።

ብዙ ጊዜ የወሰደበት አጥሩ ነው። ጎረቤቱ ሙርሳል ግቢውን ያጠረው በቀርከሃ ነበርና ቢሻው አንድ ቀን ሜትርና ደብተር ይዞ አጥሩ ሥር ቁጢጥ አለ። ሙርሳል ቤት ውስጥ የሚናገረው በርታኛ ነው፤ አማርኛውን ከገበያ ነው የለመደው።

«ቢሻው፣» አለው ብቅ ብሎ፣ «የኔ ሚስት እንኳን አጥሬን እንደዚህ አይቶ አያውቅም። ምን ጠፋብህ?»

«እየለካሁ ነው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ወላሂ አንተ ሥራ የለህም።»

እውነትም አልነበረውም። ክረምት ነበር። አሶሳ ላይ ዝናቡ አንዴ ከያዘ ቶሎ አይለቅም፤ በዝናብ ደግሞ ቤት የሚያሠራ የለም። ሌላ ሰው ቢሆን አንድ ቀርከሃ ስሎ ያባዛው ነበር። የሥራው ወግም እንደዚያ ነው፤ አንዱን ሠርቶ ሲያባዙት ኮምፒውተሩ የሚሸከመው አንዱን ብቻ ነው። ቢሻው ይህን እያወቀ እያንዳንዱን ለብቻው ሳለ። አንዱ ጎንበስ ያለ ነው፤ አንዱ አንጓው ያበጠ፤ አንዱ ጫፉ የተሰነጠቀ። አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቀርከሃ። ዝናቡ ሲያባራ አጥሩ አለቀ፤ ቤቱም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ለመከፈት ሃያ ስድስት ደቂቃ የሚፈጅ ሆነ።

ዘንድሮ ሙቀቱ በከበደ ሰሞን አብዱልረሂም የሚባል ነጋዴ ባለአንድ ፎቅ ፔንሲዮን ሊያሠራ መጣ። ፕላኑን ወደደው። ግን ወረቀቱን አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ መለሰለት።

«ይኼ ለመሐንዲስ ነው፣» አለ። «እኔ ለወንድሞቼ የማሳየው ፎቶ ነው የምፈልገው። ቀለሙ፣ በሩ፣ የማንጎው ጥላ ሳይቀር። ከረመዷን በፊት ሁላቸውም እዚህ ይሰበሰባሉ፤ ብሩን የሚያዋጡት እነሱ ናቸው።»

«ይወጣል።»

«ስምንት ፎቶ። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከውስጥ።»

«ይወጣል አልኩህ።»

አብዱልረሂም ኮምፒውተሩን ዞሮ አየው። «በዚህ ነው የምታወጣው? ቁጥር ተጽፎበታልኮ። ይኼ ጡረታ አልወጣም እንዴ?»

የተሳለን ቤት ፀሐይና ጥላ ሰጥቶ እንደ ፎቶ የሚያወጣውን ሥራ ሬንደር ይሉታል። ቢሻው የመጀመሪያውን ፎቶ ጠዋት አስጀምሮ አመሻሽ ላይ አገኘው። ሁለተኛው ላይ ማሽኑ ግሎ ጠፋ። እንደገና አስጀመረው፤ እንደገና ጠፋ። ከዋናው መንገድ ማዶ አዲስ የተከፈተ የፕላን ቢሮ አለ፤ ልጆቹ እንዲህ ያለውን በአንድ ቀን ይጨርሱታል። ባለፈው ዓመት ሦስት ደንበኞቹ ወደዚያ ሄደዋል። አብዱልረሂም ሦስት ሳምንት ሰጠው፤ ካልሆነ እሱም ወደዚያ እንደሚሻገር ሳይደብቅ ነገረው።

ሰዕዲያ የኮምፒውተር ሱቋን የከፈተችው አባቷ የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ነው። በግራ በኩል የጨርቅ ጥቅሎች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፤ በቀኝ በኩል ማዘርቦርድ፣ ገመድና ብሎኖች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምራ ሥራ ስትጠብቅ ነበር መግጠም የጀመረችው። ዕቃ የምታዘው ከአዲስ አበባ ነው፤ ቅዳሜ ታዛለች፣ በሳምንቱ አጋማሽ በአውቶቡስ ይደርሳታል።

«ፕሮሰሰሩ ኮር አይ ሰቨን የሆነ ነው የምፈልገው፣» አላት ቢሻው።

«ማን ነገረዎት ጋሽ ቢሻው?»

«ሁሉም ሰው ነው የሚለው።»

«ሁሉም ሰው ኮምፒውተር አይገጥምም።» ሳቀች። «በያዙት ብር አይ ሰቨን ብፈልግልዎት የማገኘው አሥር ዓመት ያገለገለ ነው። አሮጌማ ቤትዎ አለ። የዛሬ አይ ስሪ ያንን አይ ሰቨን ጥሎት ይሄዳል። ስሙን አይዩ፤ መቼ እንደተሠራ ይዩ።»

ቢሻው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሰዕዲያ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፈችለት። የግራፊክስ ካርድ ለብቻው መግዛት በእሱ አቅም አይታሰብም፤ ስለዚህ የማሽኑ አንጎል የሚባለው ፕሮሰሰሩ ራሱ ምስል ማውጣት የሚችል መሆን አለበት። ይህንን የማይችሉ አሉ፤ ረከስ ብለው ሰው ገዝቷቸው፣ ቤቱ ወስዶ ሲያበራ ስክሪኑ ጨለማ ይሆንበታል። እነሱን ሰረዘች። ሜሞሪው ላይ እንዳይቆጥብ አሳሰበችው። በመጨረሻ ካርቶኑ ላይ ሁለት ቀሩ። አንዱ ኮር አይ ስሪ፣ ባለአራት ኮር። ሌላው ራይዘን ፋይቭ፣ ባለስድስት ኮር።

«ዋጋቸው ያን ያህል አይራራቅም፣» አለች። «ልዩነቱ ሥራው ላይ ነው። ኮር ማለት በውስጡ ያለ ሠራተኛ ማለት ነው ይበሉ።»

«ታዲያ ስድስት አይሻልም?»

«አዩ፣ ግድግዳ ሲገነባ ብዙ ግንበኛ ያፈጥናል አይደል? ሬንደር ግድግዳ ነው። ለስድስት ይከፋፈሉታል። ቤቱን ሲስሉት፣ እያዞሩ ሲያዩት፣ ውስጡ ሲገቡበት ግን ደረጃ እንደመውጣት ነው፤ አንዱን ሳይረግጡ ሌላው ላይ አይደርሱም። እዚያ ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚሠራው፤ ሌሎቹ ቆመው ያዩታል። ባለአራቱ ውስጥ ያለው ያ አንድ ሰው ፈጣን ነው። ባለስድስቱ ውስጥ ያለው ትንሽ ቀሰስ ይላል።»

ቢሻው ካርቶኑን አንስቶ አየው።

«እርስዎ የሚያበዙት የትኛውን ነው? ማውጣቱን ነው ወይስ ውስጡ መዞሩን?»

ጥያቄው ቀላል ነበር። ቢሻው ግን ሰው ያየው መሰለውና ፊቱን ወደ ጨርቆቹ አዞረ።

«እንሞክራለና፣» አለች ሰዕዲያ። «ሁለቱም ለሌላ ሰው ተገጥመው እዚህ አሉ፤ ባለቤቶቹ እስኪመጡ እንሞክርባቸው። ያለዎትን ከባድ ፋይል ያምጡልኝ።»

በማግስቱ የአብዱልረሂምን ፔንሲዮን በፍላሽ ይዞ መጣ። በሁለቱም ማሽኖች ላይ ወዲያው ተከፈተ። ሬንደሩን ስታስጀምረው አንዱን ፎቶ ባለአራቱ በሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ባለስድስቱ በአንድ ሰዓት ተኩል አወጡት። ሰዕዲያ ሁለቱንም በካርቶኑ ላይ ጻፈች።

«ስምንት ሲሆን ልዩነቱ ቀላል አይደለም፣» አለች። «ደንበኛ ደግሞ ይቺን ቀለም ቀይርልኝ ማለቱ አይቀርም። ግን ይኼ ከባድ ፋይል አይደለም። ሃያ ስድስት ደቂቃ የሚፈጅብኝ አለ ብለውኝ አልነበር?»

«ያ... የሥራ አይደለም።»

«ለኮምፒውተሩ ሁሉም ሥራ ነው።»

ቢሻው ወደ ቤቱ ሄደ። ሁለት ቀን ወደ ሱቁ አልተመለሰም። ፋይሉን ፍላሽ ላይ ጫነው፤ አነሳው፤ እንደገና ጫነው። የሚያሳፍር ነገር የለበትም ብሎ ራሱን ለማሳመን ሞከረ። በየክፍሉ ስም መጻፉን አስታወሰና ሊያጠፋው አሰበ፤ ግን ስሙን ለማጥፋት ፋይሉን መክፈት አለበት፤ በዚያ ቀን ሦስት ጊዜ ሞክሮ ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ቀረ። ሰዕዲያ ዕቃ የምታዘው ደግሞ በማግስቱ ቅዳሜ ነው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሱቁ እንደተከፈተ ፍላሹን በሸሚዙ ኪስ ይዞ ገባ።

ሰዕዲያ መጀመሪያ በባለስድስቱ ከፈተችው። ስምንት ደቂቃ። ቤቱ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ልታዞረው ስትሞክር ተንገታገተ፤ አንድ እርምጃ ሄዶ ይቆማል፣ ደግሞ ይዘላል። ወደ ባለአራቱ ዞራ ከፈተችው። ስድስት ደቂቃ። እዚህ ላይ ሲዞር ከበድ ይበል እንጂ ይሄዳል። ሰዕዲያ በአጥሩ በር ገባች፤ ግቢውን አልፋ በረንዳው ላይ ወጣች፤ በሩን ከፈተች። ቢሻው ከኋላዋ ቆሞ ነበር። ከእሱ ሌላ ማንም ያልገባበት ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ሲራመድ ሲያይ የጨርቅ ጥቅል ተደገፈ።

«ያ ሰላም!» አለች። «አንሶላው ላይ አበባ አለ! ይኼን ሁሉ በእጅዎ ነው?»

«በእጄ ነው።»

«አጥሩ ምንድን ነው? ቆይ፣ ቆይ... ጋሽ ቢሻው፣ እያንዳንዱን ለብቻ ነው እንዴ የሳሉት? አንዱን ስለው አላባዙትም?»

«አይመሳሰሉም።»

«ቀርከሃ ነዋ!»

«አይመሳሰልም፣» አለ እንደገና፣ ቀስ ብሎ።

ሰዕዲያ ተከራክራ አላሸነፈችም። የፋይሉን ዝርዝር ከፈተችና ማንበብ ጀመረች። ጉዲና። ዘነቡ። ለገሰ። ሦስተኛው ላይ ክፍሉን ከፍታ ቆመች።

«ለገሰ? ፊዚክስ ያስተማረኝ ቲቸር ለገሰ?»

«ታውቂዋለሽ?»

«ዘጠነኛ ክፍል ቾክ ወርውሮ ግንባሬን መትቶኛል! ወላሂ እስካሁን እንጣላለን። የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ በየበዓሉ ነው የሚጽፍልን። ቁጥሩ የለዎትም?»

«ስልኬ ከጠፋ ወዲህ የለኝም።»

ቢሻው «አይ ተይው» ለማለት አፉን ሲከፍት ሰዕዲያ ደውላ ስልኩ እየጠራ ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ሰዕዲያ!» አለ የለገሰ ድምፅ፣ ከመኪና ጩኸት መሃል። «ደግሞ ምን አጥፍተሽ ነው?»

«ቲቸር፣ እዚህ የሚያውቁት ሰው አለ።» ስልኩን ወደ ቢሻው ገፋችው።

«ቢሻው ነኝ።»

«ቢሻው... ቢሻው! አንተ ሰውዬ! አለህ እንዴ?»

«አለሁ።»

«እዚያው?»

«እዚያው ነኝ።»

«ይገርማል። እኔኮ ሄዷል ብዬ ነው። ጉዲናን ታገኘዋለህ? ዘነቡስ?»

«አላገኛቸውም።»

«እኔም። ኑሮ ነው። ትልቋ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባችልህ፤ ከአሶሳ ስወጣኮ ገና ሁለተኛ ክፍል ነበረች፣ እናቷ ዘንድ።» ሳቀ። «እኔ አሶሳን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ያ መስኮት! ወደ ምዕራብ የዞረው። ጠብሶ ሊጨርሰኝ ነበርኮ። ትዝ ይልሃል?»

ስክሪኑ ላይ የለገሰ ክፍል እንደተከፈተ ነበር። ሰዕዲያ ካርታ እንደምታነብ በጣቷ ፀሐይ የምትወጣበትን አቅጣጫ ተከትላ መስኮቱ ላይ ደረሰች። ወደ ቢሻው ቀና ብላ በከንፈሯ ብቻ «ይንገሩት» አለችው። ቢሻው ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ።

«ትዝ ይለኛል፣» አለ ወደ ስልኩ።

«ቤት ሠራህ ወይስ አሁንም ኪራይ ነህ?»

«እየሠራሁ ነው።»

«ጎበዝ! ሲያልቅ ፎቶ ላክልኝ እንጂ። ታክሲ ውስጥ ነኝ፣ ወራጅ አለ ልበል። እደውልልሃለሁ፣ እሺ?»

ስልኩ ተዘጋ። ሰዕዲያ ቁጥሩን በካርቶኑ ጥግ ጽፋ ቀደደችና ሰጠችው። አባቷ በሱቁ በግራ በኩል ለአንዲት ሴት ጨርቅ ሲለካ የመቀሱ ድምፅ ይሰማ ነበር።

«እሺ፣» አለች ሰዕዲያ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ነገ ነው የማዘው። የእርስዎ ግልጽ ሆነልኝ። ባለአራቱን ይውሰዱ። የአብዱልረሂም ፎቶ ትንሽ ይዘገያል፤ ግን ቤትዎ ይከፈትልዎታል።»

ቢሻው ስክሪኑን አየ። ባለአራቱን ቢወስድ በየምሽቱ በስድስት ደቂቃ በሩን ከፍቶ ይገባል፤ ከክፍል ክፍል ይሄዳል፤ አንሶላውን ያስተካክላል። ስንት ዓመት ሙሉ ያደረገውን አሁን በፍጥነት ያደርገዋል ማለት ነው። ከዚህ ቤት ውስጥ ግን እስከ ዛሬ አንድም ፎቶ አልወጣም።

«ባለስድስቱን እዘዢልኝ፣» አለ።

«አሁን አይተውት የለም? ይንገታገታል።»

«አጥሩን አወጣዋለሁ።»

«ለምን ያወጡታል? አንድ ስለን እናባዛው፤ አምስት ደቂቃ ነው። አጥርም ይኖርዎታል፣ ፋይሉም አይከብድም። ከመንገድ ሲያዩት ማን ይለየዋል?»

«አንዱን አራት ሺህ ጊዜ ደጋግሜ ማየት አልፈልግም። ይውጣ።»

ወንበሩን ለቀቀችለት። ቢሻው ተቀምጦ አጥሩን መረጠ። ቀርከሃዎቹ በሙሉ አንድ ላይ ሰማያዊ ሆኑ። በዚያ ክረምት ጣሪያው ላይ የነበረው የዝናብ ድምፅ፣ በቀን የሚጨርሳቸው ሠላሳና አርባ፣ ማታ ማታ «የዛሬው ይበቃል» ብሎ ለራሱ ጮክ ብሎ ይናገር የነበረው ሁሉ መጣበት። ማጥፊያውን ተጫነ። ማሽኑ ለጥቂት ጊዜ አሰበና አጥሩ ጠፋ።

«በሌላ ስም ላስቀምጠው?» አለች ሰዕዲያ ፈጥና። «አሮጌውም ይኑርዎት።»

«በዚያው ስም አስቀምጪው፤ አሮጌው ማሽን ላይ ያለውንም አጠፋዋለሁ። ሁለት ቤት ከኖረኝ የምገባው አሮጌው ውስጥ ነው።»

በባለስድስቱ ላይ እንደገና ስትከፍተው ደቂቃም አልሞላ። ቤቱ ያለ ምንም መንገታገት ዞረ። ያለ አጥር ሲያዩት ቢሻው ከሚያስበው ያነሰ ቤት ነበር።

ዕቃው ረቡዕ በአውቶቡስ ደረሰ። ሰዕዲያ ሐሙስ ገጥማ ጨረሰችው፤ ቢሻው ባጃጅ ውስጥ ጭኑ ላይ አድርጎ ወሰደው። የአብዱልረሂም ስምንት ፎቶ በሁለት ቀን አለቀ። አብዱልረሂም አንድ በአንድ ካየ በኋላ ማንጎው ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ፍሬ የለውም እንዴ?»

«ስንት ላድርግልህ?»

«ለስድስት ወንድም የሚበቃ።»

ቢሻው ማንጎ ጨመረለት፤ ፎቶው ከሰዓት በኋላ ሳይመሽ እጁ ገባ። ወንድማማቾቹ ተሰብስበው አይተው ተስማሙ። ሥራው የቢሻው ሆነ፤ ከወንድሞቹ አንዱም ባምባሲ ላይ ላለው ቦታ ፕላን እንደሚያሠራ ነገረው።

በሚቀጥለው ሰኞ የቀኑን ሥራ ቀደም ብሎ ጨረሰ። ድሮ ማሽኑን ሲጠብቅ የሚያልፍለት ሰዓት አሁን ሙሉውን እጁ ላይ ቀረ። ቤቱን ከፈተ። የለገሰ ክፍል ገባና ፀሐይዋን ጠዋት ላይ አስቀመጣት፤ በመስኮቱ ገብታ የአልጋው እግርጌ ድረስ እንድትደርስ አደረጋት። ከዚያ ሬንደሩን አስጀመረ። አርባ ደቂቃ ያህል ወንበሩ ላይ ሆኖ አየው። ብርሃኑ ወለሉ ላይ ሲያርፍ እሱም ጠጋ አለ። እንደዚያ ያለ ጠዋት እዚያ ክፍል ውስጥ እንደሚኖር ሲስለው ያውቅ ነበር፤ ሲሆን ግን አላየውም ነበር።

ፎቶውን በቴሌግራም ለለገሰ ላከለት። ምን ብሎ እንደሚጽፍበት ስላላወቀ ምንም አልጻፈበትም።

መልሱ ማታ መጣ። «ቆንጆ ነው። የማን ነው?»

ቢሻው ብዙ ጊዜ ጽፎ አጠፋ። በመጨረሻ እንዲህ ብሎ ላከ፤ «ያንተ ክፍል ነው። መስኮቱን ወደ ምሥራቅ አዞርኩት።»

ለገሰ እንዳነበበው ምልክቱ ወዲያው ታየ። ሌላ ነገር አልመጣም። ቢሻው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ አስቀመጠው። ማክሰኞ ሁለት ደንበኛ አስተናገደ፤ ስልኩ ሁለቴ ጮኸ፤ ሁለቱም ከቴሌ ነበሩ። ረቡዕ ቀትር ላይ መልስ መጣ። አንዲት ቢጫ አውራ ጣት ነበረች፤ ቀጥ ያለች።

ቢሻው በጣቱ ነካት። ትንሽ ነጠር ብላ ተመለሰች፤ ከዚያ በላይ የምትከፍተው ነገር አልነበረም።

ትንሽ ቆይቶ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። የዘነቡን ክፍል ከፈተ፤ ተረኛ አድራ የምትገባበትን ሰዓት አስቦ መጋረጃውን ዘጋላት፤ ከመጋረጃው ሥር ቀጭን ብርሃን ብቻ አስቀረ። አስጀመረው። ምስሉ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች እየተሞላ መጣ፤ መጀመሪያ ጣሪያው፣ ቀጥሎ ግድግዳው፣ ከዚያ አልጋው። ስልክ ቁጥሯ የለውም። በማን በኩል እንደሚገኝም አያውቅም። ሲያልቅ በስሟ አስቀመጠውና የጉዲናን በረንዳ ከፈተ።